በአንድ የጀርባ ቦርሳ ሰባት አገር፦ የ60 ቀን የአውሮፓ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

«ለሁለት ወር አውሮፓ ስንት ብር ይበቃኛል?» የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ጠየቀችኝ። ጓደኛዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠየቀኝ። ስቶክሆልም ያለው የሰፈሬ ልጅም ባለፈው ሳምንት ደውሎ ያንኑ ጠየቀ። በስልክ እየደጋገምኩ መመለስ ስለሰለቸኝ ይኸው ጻፍኩት።

መልሱ የሚጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ስንት ጊዜ ቦታ ትቀይራላችሁ? ከተማ በቀየራችሁ ቁጥር ቲኬት ትገዛላችሁ። ለቦርሳ ማስቀመጫ ትከፍላላችሁ። ጣቢያ ላይ ውድ ሳንድዊች ትበላላችሁ። ግማሽ ቀንም ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዕቅድ ሁሉ ትንሽ መንቀሳቀስ፣ ብዙ መቀመጥ በሚል ሐሳብ የተሠራ ነው።

ለምሳሌ የምጠቀመው መስመር፦ ግሪክ 9 ሌሊት፣ መርከብ ላይ 1 ሌሊት፣ ጣሊያን 16፣ ስሎቬኒያ 4፣ ሃንጋሪ 8፣ ፖላንድ 8፣ ቼክ 7፣ ጀርመን 6። ድምሩ 59 ሌሊት ነው። 59 ሌሊት ግን 60 ቀን ነው፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 1 ላይ ታዩታላችሁ።

ለማቀድ የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት። ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣና 2 ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።
- የፈረንጅ የቀን መቁጠሪያ። ሁሉንም ቀን በእሱ ብቻ ጻፉ። በሁለት አቆጣጠር የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም።
- ደብተር ወይም ኤክሴል።
- ከሁለት የተለያዩ አካውንቶች የወጡ ሁለት የባንክ ካርዶች።
- ከ35 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ።
- ከመነሻችሁ በፊት ከ4 እስከ 5 ወር ጊዜ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላችሁ ይህን ጊዜ አታሳጥሩት።

ደረጃ 1፦ ቀናችሁን ቁጠሩ

29 የአውሮፓ አገሮች ለጎብኚ እንደ አንድ አገር የሚቆጠሩበት አካባቢ ሸንገን ይባላል። እዚያ ውስጥ በየትኛውም 180 ቀን መቆየት የሚቻለው ቢበዛ 90 ቀን ነው። ግሪክ 30፣ ጣሊያን 30 እያሉ ለየብቻ መቁጠር የለም። ሁሉም አንድ ቋት ውስጥ ይገባል።

የገባችሁበት ቀን ይቆጠራል። የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። በምሽት 5 ሰዓት ብታርፉ እንኳ ያ ቀን ሙሉ ቀን ነው። ለዚህ ነው 59 ሌሊት 60 ቀን የሚሆነው። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ድንበር ላይ የጣት አሻራና ፎቶ የሚወስድ አዲስ ሥርዓት ስለመጣ የሚቆጥርባችሁ ኮምፒውተር ነው። «ማህተሙ ደብዝዟል» የሚባል ምክንያት አያዋጣም።

ከዚያ ራሳችሁን ከሚከተሉት አንዱ ውስጥ ፈልጉ፦

- የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ፦ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ዱባይ ወይም ሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ኖሯችሁ የምትኖሩ ከሆነ ማመልከቻውን እዚያው ማስገባት ትችላላችሁ።
- የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ፦ ቪዛ አያስፈልግም፤ የ90 ቀኑ ሕግ ግን ይሠራል። ኢቲያስ የሚባል የ20 ዩሮ የኢንተርኔት ፈቃድም እየመጣ ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት መጀመሩን አረጋግጡ።
- የአንድ ሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ፦ በምትኖሩበት አገር ያሳለፋችሁት ቀን አይቆጠርባችሁም። 90 ቀኑ ለሌሎቹ አገሮች ነው። ፓስፖርቱንም የመኖሪያ ካርዱንም ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዛው ሲለጠፍላችሁ ሦስት ነገር አንብቡ። አንደኛ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል። ሁለተኛ ስንት ቀን መቆየት እንደተፈቀደ። ሦስተኛ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል። ቪዛው ለ75 ቀን ያገለግላል ማለት 75 ቀን ትቆያላችሁ ማለት አይደለም። የቆይታው ሳጥን 60 ካለ 60 ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ መስመሩን ሥሩ

መጀመሪያ አቅጣጫ ምረጡ። አቅጣጫውን የሚወስነው ወቅቱ ነው። በጸደይ፣ ማለትም በሚያዝያ አካባቢ የምትነሱ ከሆነ ከደቡብ ጀምሩ። አቴንስ ሞቃለች፤ የፖላንዷ ክራኮው ገና ትቀዘቅዛለች። እናንተ ወደ ሰሜን ስትወጡ ሙቀቱም አብሯችሁ ይወጣል። በመስከረም የምትነሱ ከሆነ ገልብጡት፤ ከጀርመን ጀምራችሁ ወደ ግሪክ ውረዱ። ጥቅሙ ከባድ ካፖርት አለመሸከም ነው። ቦርሳው በ2 ኪሎ ይቀላል፤ ቀላል ቦርሳ ደግሞ የታክሲ ወጪ ያስቀራል።

ሐምሌና ነሐሴን ብትተዉት ይሻላል። የአልጋ ዋጋ ጣሪያ ይነካል፣ ሮምም ትጋገራለች። በፋሲካ ሰሞን ግሪክ ከሆናችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ የግሪክ ፋሲካ ከእኛው ጋር አንድ ቀን ነው የሚውለው። አቴንስ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ አውቶቡሱም መርከቡም አስቀድሞ ያልቃል።

ቀጥሎ በአንድ ከተማ ቢያንስ 4 ሌሊት የሚል ሕግ ለራሳችሁ አውጡ። አንድ ከተማ ላይ ተቀምጦ በዙሪያው ያለውን እየሄዱ ማየት ከሁሉም ይረክሳል። እኔ ፍሎረንስ አላድርም። ቦሎኛ አድራለሁ፤ ፍሎረንስን፣ ሞዴናንና ራቬናን በባቡር ደርሼ እመለሳለሁ። ቬኒስን ለማየት መስትሬ አድራለሁ፤ በባቡር 10 ደቂቃ ነው። ከስሎቬኒያ ዋና ከተማ ከልዩብልያና የብሌድ ሐይቅ በአውቶቡስ ደርሶ መልስ ይቻላል። ክራኮው ስትሆኑ ናዚዎች ሰው የጨረሱበት የአውሽቪትዝ ካምፕ መታሰቢያ በቅርብ ነው፤ መግቢያው ነጻ ቢሆንም በኢንተርኔት ቀጠሮ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ሰዎች መስመራችሁ ከሸንገን እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀርቷል። የሚሰጣችሁ አንድ ጊዜ የሚያስገባ ነው ብላችሁ አቅዱ። ከቡዳፔስት ቤልግሬድን አይቼ ልመለስ ካላችሁ መውጣት ትወጣላችሁ፤ መመለስ የለም። ቤልግሬድ፣ ሳራየቮ፣ ቲራና፣ ለንደን፣ ደብሊንና ኢስታንቡል ሁሉም ከሸንገን ውጭ ናቸው። ክሮኤሺያ ግን ከ2023 ጀምሮ ገብታለች። ሩማኒያና ቡልጋሪያም ከጥር 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። የቆዩ ጽሑፎች እነዚህን ሦስቱን ውጭ አድርገው ስለሚጽፉ አትደናገሩ።

ደረጃ 3፦ ለየትኛው አገር እንደምታመለክቱ ወስኑ

ሌሊቶቹን ደምሩ። ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር ነው ማመልከቻውን የሚቀበላችሁ። በእኛ ምሳሌ ጣሊያን 16 ሌሊት ስላላት ለጣሊያን ታመለክታላችሁ። መጀመሪያ የምትገቡት ግሪክ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ሁለት አገሮች እኩል ሲመጡ ብቻ ነው መጀመሪያ የምትገቡበት አገር የሚታየው።

ይህ ከበጀቱ ጋር እንዴት እንደሚነካካ ተመልከቱ። ከጣሊያን 4 ሌሊት ቀንሳችሁ ፖላንድ ላይ ብትጨምሩ ገንዘብ ይተርፋችኋል። ግን ሁለቱም 12 ይሆናሉ፤ እኩል መጡ ማለት ነው። የምታመለክቱበት አገርም ሊቀየርባችሁ ነው። 2 ሌሊት ብቻ ብታዛውሩ 14 ለ10 ይሆናል፤ ጣሊያን ትጸናለች። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሌሊቶቹን ጨርሱ። ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ መስመር አትነካኩ።

ደረጃ 4፦ በጀቱን በአገር ከፋፍሉ

«በቀን 50 ዩሮ» ብሎ በ60 ማባዛት አይሠራም። ሮምና ክራኮው አንድ አይደሉም። እኔ ለአልጋ፣ ለምግብ፣ ለከተማ ውስጥ ትራንስፖርትና ለመግቢያ ዋጋ በቀን የምይዘው ግምት ይህን ይመስላል፦

- ግሪክ፦ 9 × 50 = 450 ዩሮ
- ጣሊያን፦ 16 × 70 = 1,120 ዩሮ
- ስሎቬኒያ፦ 4 × 60 = 240 ዩሮ
- ሃንጋሪ፦ 8 × 40 = 320 ዩሮ
- ፖላንድ፦ 8 × 40 = 320 ዩሮ
- ቼክ፦ 7 × 50 = 350 ዩሮ
- ጀርመን፦ 6 × 65 = 390 ዩሮ

ይህ 3,190 ዩሮ ይመጣል። ከአገር አገር መጓጓዣና መርከቡን 350 ጨምሩ፤ 3,540 ሆነ። በዚህ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ፣ ማለትም 530 ገደማ አድርጉ። በድምሩ 4,070 ዩሮ አካባቢ። አውሮፕላን፣ ቪዛና ኢንሹራንስ በዚህ ውስጥ የሉም።

መጠባበቂያው ለሽርሽር አይደለም። ጫማ ይቀደዳል፣ ጥርስ ያማል፣ አውቶቡስ ያመልጣል። መጠባበቂያ የሌለው በጀት በሦስተኛው ሳምንት ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ዳቦና ሙዝ እየበላችሁ ትጨርሱታላችሁ። (ስለማውቀው ነው።)

ደረጃ 5፦ የቪዛ ማመልከቻ

ቪዛ የማያስፈልጋችሁ ይህን ዝለሉት።

ማመልከቻ የሚገባው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። ይህ ወረቀት ላይ ያለው ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን በዚያው የ2024 ውሳኔ መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። በዚያ ላይ የቀጠሮ ወረፋ አለ። ስለዚህ ከ3 ወር ባላነሰ ጊዜ ቀድማችሁ ግቡ።

1. ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ለሆነ ልጅ 45 ዩሮ ነው። የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ቢከለከሉም አይመለስም።
2. የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን የሚደርስ ይሁን። አንድ ቀን ቢጎድል ማመልከቻው ይመለሳል።
3. የአውሮፕላን ሪዘርቬሽን አቅርቡ፤ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት ግን ቪዛው ሳይወጣ አትግዙ።
4. የማደሪያ ቡኪንግ ለ59ኙም ሌሊት ያስፈልጋል። ያለ ክፍያ የሚሰረዘውን ምረጡ።
5. የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤና የፈቃድ ወረቀት ያዙ። የፈቃዱ ቀንና የቲኬቱ ቀን አንድ መሆን አለበት። ለምን? መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው ወረቀቶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው።
6. አሻራ ትሰጣላችሁ። ባለፉት 59 ወራት ውስጥ ሰጥታችሁ ከሆነ ያው አሻራ ሊያገለግል ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቡኪንግ «ሠርቶ» የሚሰጥ ደላላ አታነጋግሩ። ሆቴሉ ሲጠየቅ ስማችሁ ከሌለ ጉዞው እዚያው አለቀ፤ ለሚቀጥለውም ማመልከቻ ጥላ ይጥላል። ስቴትመንቱ ላይም ማመልከቻው ሲቃረብ በአንዴ ብዙ ብር ማስገባት ጥያቄ ያስነሳል። ቤተሰብ የሚደግፋችሁ ከሆነ በግልጽ የድጋፍ ደብዳቤ አያይዙ።

ደረጃ 6፦ አውሮፕላኑን በአንድ ከተማ ግቡ፣ በሌላ ውጡ

ቲኬት ቢሮ ስትሄዱ «ደርሶ መልስ» አትበሉ። «መልቲ ሲቲ» በሉ። አቴንስ ገብታችሁ ከፍራንክፈርት የምትወጡበት ማለት ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከደርሶ መልሱ እምብዛም አይለይም። ወደ አቴንስ ለመመለስ ግን ሌላ ትኬትና አንድ ሙሉ ቀን ያስወጣችሁ ነበር።

ደረጃ 7፦ በአገሮች መካከል ያለውን ትራንስፖርት ያዙ

ከአቴንስ ወደ ፓትራስ በአውቶቡስ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ከፓትራስ ማታ የሚነሳው መርከብ በማግስቱ ጠዋት ጣሊያን ባሪ ያደርሳችኋል። በጣም ርካሹ አልጋ የሌለው የመርከብ ወለል ቲኬት ነው። መርከቡ የማደሪያ ወጪም ስለሚያስቀር በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። የፓትራስ ወደብ ከአውቶቡስ ጣቢያው ራቅ ስለሚል የከተማ አውቶቡስ ጊዜ አስቡበት።

ጣሊያን ውስጥ ሁለት ዓይነት ባቡር አለ። ፈጣኑ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል፤ አስቀድማችሁ ግዙት። ሬጆናሌ የሚባለው ቀርፋፋው ዋጋው ቋሚ ነው፤ በዕለቱ ግዙት። የሬጆናሌን የወረቀት ቲኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ማስመታት ግዴታ ነው። ቲኬት አለኝ ብዬ ተዝናንቼ ተቀምጬ ተቀጥቻለሁ። ያልተመታ ቲኬት በድጋሚ ሊያገለግል ስለሚችል እንዳልከፈላችሁ ነው የሚቆጠረው።

ከመስትሬ ወደ ልዩብልያና፣ ከዚያ ወደ ቡዳፔስት፣ ከዚያ ወደ ክራኮው አውቶቡስ ይሻላል። ፍሊክስባስ የሚባለውን የአውቶቡስ ኩባንያ ተመልከቱ። ከክራኮው ወደ ፕራግ ሬጂዮጄት የሚባለውን የቼክ ኩባንያ ባቡርም አወዳድሩ። የሌሊት ጉዞ የሆቴል ሂሳብ ይቆጥባል፤ ግን በሳምንት ከአንድ በላይ አታድርጉት። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ታክሲና ካፌ ላይ ያወጣዋል።

የባቡር ፓስ (በአንድ ክፍያ በብዙ አገር ባቡር የሚያስኬድ ቲኬት) ልግዛ ወይ? ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። አውሮፓ ለሚኖር ኢንተርሬይል፣ ከውጭ ለሚመጣ ዩሬይል ይባላል። ቀላል ሒሳብ ሥሩ፦ የየመንገዱን ቲኬት ዋጋ ደምሩና ከፓሱ ጋር አወዳድሩ። ፈጣን ባቡርና የሌሊት ባቡር ላይ ለወንበር የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ አትርሱ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ለሚንቀሳቀስ መስመር እኔን አላዋጣኝም። በየሁለት ቀኑ ለሚነሳ ሰው ሊያዋጣ ይችላል።

ጀርመን ስትደርሱ ዶይቸላንድቲኬት የሚባል ወርሃዊ ቲኬት አለ። ከጥር 2026 ጀምሮ 63 ዩሮ ነው። በከተማ ትራንስፖርትና በክልል ባቡሮች ሁሉ ያስኬዳል፤ በፈጣኖቹ ግን አይሠራም። ከድሬስደን ተነስታችሁ በርሊንንና ላይፕዚግን አይታችሁ ፍራንክፈርት ለመድረስ በቂ ነው። ነገር ግን ምዝገባው በየወሩ ራሱን ያድሳል። እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዛችሁት የሚቀጥለውንም ወር ይቆርጣል። የጀርመን ቀኖቻችሁ ሁሉ በአንድ የፈረንጅ ወር ውስጥ እንዲውሉ አድርጉ።

ፓስፖርታችሁን ደግሞ ከቦርሳ በታች አትቅበሩት። ሸንገን ቢሆንም ፖሊስ ድንበር ላይ አውቶቡስ እያቆመ የሚያይበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 8፦ አልጋ

ሆስቴል ማለት በአንድ ክፍል ከ4 እስከ 12 ሰው የሚያድርበት ነው። የምትከፍሉት ለአልጋው ነው። ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ፦ ወጥ ቤት አለው? ቁም ሣጥን አለው? ከጣቢያ በእግር ይደረሳል? ወጥ ቤት ያለው ሆስቴል በ3 ዩሮ ቢበልጥም ይረክሳል፤ አንድ እራት ከዚያ በላይ ያድናል።

የሴቶች ብቻ ክፍል በብዙ ሆስቴሎች አለ። ብዙ ከተሞች በየሌሊቱ የከተማ ግብር ያስከፍላሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ዋጋ ውስጥ ላይኖር ይችላል። የታችኛውን አልጋ ከያዛችሁ ነጠላችሁን ከላይኛው አልጋ ብረት ላይ አንጠልጥሉት፤ መጋረጃ ሆነ ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ ገንዘብ

ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ ባንካችሁ ለጉዞ የሚሸጠውን ምንዛሪና የካርዱን ገደብ ቀድማችሁ ጠይቁ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ሂዱ። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ሰው ጉምሩክ ላይ ማስመዝገብ አለበት።

በዚህ መስመር ላይ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ስሎቬኒያና ጀርመን በዩሮ ይገበያያሉ። ሃንጋሪ ፎሪንት፣ ፖላንድ ዝሎቲ፣ ቼክ ኮሩና አላቸው። በእነዚህ ሦስቱ ብዙ ጥሬ ገንዘብ አታውጡ። የተረፈው ሌላ አገር ስትደርሱ ወረቀት ነው።

ኤቲኤም ወይም የካርድ ማሽን «በራስህ ገንዘብ ልቁረጥ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ሁልጊዜ የአገሩን ምረጡ። በራሳችሁ ገንዘብ ካላችሁ ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ለእናንተም አያዝንም። ኤቲኤም ከባንክ ግድግዳ ላይ ተጠቀሙ እንጂ ከመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ላይ ካለው አይደለም። ፕራግ ውስጥ ምንዛሪ ቤት ካታለላችሁ ደግሞ ደረሰኙን ይዛችሁ በ3 ሰዓት ውስጥ ተመለሱ፤ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሪን ማስቀልበስ ሕጉ ይፈቅዳል።

አንዱን ካርድ ኪስ፣ ሌላውን ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። ሁለቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አንድ ካርድ ነው ያለው።

ደረጃ 10፦ ቦርሳው

ጎማ ያለው ሻንጣ ይቅር። ፕራግም ልዩብልያናም መሃል ከተማቸው ኮብልስቶን ነው። የሞላ ቦርሳ ከ8 ኪሎ አይብለጥ።

- 4 ቲሸርት፣ 2 ሱሪ፣ የ5 ቀን የውስጥ ልብስና ካልሲ
- አንድ ሹራብ፣ አንድ ስስ የዝናብ ጃኬት
- የለመዳችሁት ጫማ (አዲስ ጫማ አይሆንም)፣ ነጠላ ጫማ ለሻወር
- ቶሎ የሚደርቅ ፎጣ፣ ትንሽ ቁልፍ፣ የጆሮ መድፈኛ
- ነጠላ፦ አንሶላም፣ ሻርፕም፣ መጋረጃም ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻ ለመሸፈንም ያገለግላል
- ፓወር ባንክ። ከአሜሪካ ለምትመጡ የሶኬት አስማሚ
- መድኃኒት ከነማዘዣው
- የውሃ ኮዳ። ሮም ውስጥ መንገድ ዳር የሚፈሰው ናሶኒ የሚባለው ቧንቧ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ነው፤ በየጥጉ አለ

ርካሽ አውሮፕላን መሃል ላይ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ የሬያንኤርና የዊዝ ኤር ነጻ ቦርሳ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የ40 ሊትር ቦርሳ አይገባም። በር ላይ የሚጠየቀው ክፍያ ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላል።

ስንቅም ላንሳ፤ እናቶቻችን አያስቀሩምና። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይጣላል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ግን ተፈጭተው ወይም ተቆልተው ስለሚገቡ ችግር አይገጥማቸውም። ቅቤ የገባበት ሽሮ እንዳይሆን ብቻ ጠይቁ። ጫት በብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው፤ «ትንሽ ናት» አይሠራም።

ደረጃ 11፦ በየአገሩ በርካሽ መብላት

ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ አድርጉ። ቼክና ሃንጋሪ ውስጥ በሥራ ቀናት ብዙ ምግብ ቤቶች ርካሽ የምሳ ሜኑ አላቸው። ፖላንድ ውስጥ ባር ምሌችኒ የሚባሉትን ፈልጉ፤ የሠራተኛ ምግብ ቤት ናቸው፤ ሾርባና ፒሮጊ ያጠግባል። ጣሊያን ውስጥ ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል።

ለጿሚዎች ግሪክ ገነት ናት። ኒስቲሲሞ በሉ፤ የጾም ማለት ነው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ጣሊያን ላይ ፒሳ ማሪናራ ጠይቁ፤ አይብ የለውም። ጀርመን ፈላፍል በየመንገዱ አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጀርመን ውስጥ እሑድ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው። ፖላንድም አብዛኛውን እሑድ እንዲሁ። ቅዳሜ ግዙ። ጀርመን ውስጥ ፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ አትጣሉ፤ መልሳችሁ 25 ሳንቲም ትቀበላላችሁ።

ደረጃ 12፦ ስልክና ሰነድ

ግሪክ የገዛችሁት ሲም ካርድ በዚህ መስመር ባሉ አገሮች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል፤ ሁሉም የአውሮፓ ኅብረት አባል ናቸውና። ስዊዘርላንድን ብትጨምሩ ግን እዚያ አይሠራላችሁ ይሆናል፤ ዳታውን አጥፉ። የፓስፖርት፣ የቪዛና የኢንሹራንስ ፎቶ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። የድንገተኛ አደጋ ስልክ በሁሉም አገር 112 ነው።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት

- የ24 ሰዓት አቆጣጠር። ቲኬቱ ላይ ቅዳሜ 00:15 ካለ የሚነሳው ዓርብ ማታ አምሽታችሁ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ነው። ቅዳሜ ማታ ጣቢያ የሄደ ሰው አውቶቡሱ ካለፈ አንድ ቀን ሆኖታል።
- ቀንና ወርን መገልበጥ። ከአሜሪካ የምትመጡ፣ 05/06 አውሮፓ ውስጥ ጁን 5 ነው።
- ሁሉንም አልጋ አስቀድሞ መክፈል። የመጀመሪያዎቹን 3 ሌሊቶች ክፈሉ፤ ሌላው የሚሰረዝ ይሁን።
- የከተማ ቲኬት ሳያስመቱ መሳፈር። ጀርመን ውስጥ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው፤ «ቱሪስት ነኝ» ማለት አያድንም።
- የመጨረሻውን ሌሊት ከአውሮፕላኑ ከተማ ርቆ ማደር። የመጨረሻዎቹን 2 ሌሊቶች ፍራንክፈርት ወይም አጠገቧ አድርጉ። ባቡር ቢሰረዝ የምትከፍሉት አዲስ የአውሮፕላን ቲኬት ነው፤ በዚያ ላይ 61ኛው ቀን ይመጣል።
- ቦርሳውን ሳይሞክሩ መነሳት። ከመሄዳችሁ ሳምንት በፊት ሞልታችሁት አንድ ሰዓት ተራመዱ። ትከሻችሁን ካመማችሁ አንድ ሱሪና ሁለት ቲሸርት አውጡ፤ ነጠላዋን ግን ተዉአት።